የጉበት ቀለበት፦ የአንድ አንቲቦዲ የሙከራ ማስታወሻ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

አንቲቦዲው ዛሬ ደረሰ። አንቲቦዲ አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ የሚፈለገው የት እንዳለ በቀለም ለማየት ይረዳናል። ጠርሙሷ ከትንሽ ጣቴ ጫፍ አትበልጥም። ውስጧ ያለው 100 ማይክሮሊትር ነው። ሁለት ጠብታ ማለት ነው። ለዚች ሁለት ጠብታ ወራት ጠብቀናል።

የምንፈልገው ግሉታሚን ሲንተቴዝ የሚባለውን ኢንዛይም ነው። ሥራው አሞኒያን ከግሉታሜት ጋር አያይዞ ግሉታሚን ማድረግ ነው። አሞኒያ መርዝ ነው። ጉበት ካላስወገደው አንጎል ድረስ ሄዶ ሰውን ያደናግራል።

እኔን የማረከኝ ግን ኢንዛይሙ የሚገኝበት ቦታ ነው። ጉበት በጣም ትንንሽ ክፍልፋዮች አሉት። ደም በዳር በኩል ይገባና መሐል ላይ ባለችው ደም መልስ ሥር ይወጣል። በመንገዱ ላይ ያሉት ሕዋሳት አብዛኛውን አሞኒያ ወደ ዩሪያ ይለውጡታል። ያመለጣቸውን የሚለቅሙት መውጫው ላይ ያሉት ናቸው። አጨዳ ካለቀ በኋላ ማሳው ላይ የቀረውን ዘለላ እንደሚቃርሙ ሰዎች ማለት ነው። ግሉታሚን ሲንተቴዝ ያለው በእነዚህ ቃራሚዎች ውስጥ ነው። በደም መልሷ ዙሪያ ከ1 እስከ 3 ረድፍ ብቻ። ጌብሃርት እና ሜክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጥ ጉበት ላይ ይህንኑ በአንቲቦዲ አቅልመው አሳይተዋል።

ስለዚህ አንቲቦዲው እውነተኛ ከሆነ ጤነኛ ጉበት ላይ ቡናማ ቀለበት ማየት አለብኝ። ከቀለበቱ ውጭ ያለው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቅር። መቅለም ያለበትም መቅለም የሌለበትም እዚያው አንድ ስላይድ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ኢንዛይም ብዙ አይገኝም።

ለምን ይህን እንደምንሠራም ልጻፍ። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ላይ አለ። የጉበት ካንሰር ደግሞ እሱን ተከትሎ ሊመጣ ይችላል። በመርፌ የወጣች ቀጭን ናሙና ማይክሮስኮፕ ላይ ስትታይ እብጠቱ ካንሰር ይሁን አይሁን መለየት አንዳንዴ በጣም ይከብዳል። ይህ ኢንዛይም ግሊፒካን 3 እና ኤችኤስፒ 70 ከተባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር አብሮ ሲታይ ይረዳል። ብቻውን ግን አይፈርድም።

ፈሳሹን ለ10 ትንንሽ ቱቦዎች አከፋፈልኩት። አብሮት የመጣው የመመሪያ ወረቀት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይላል። ደጋግሞ መቅለጥና መርጋት አንቲቦዲን ያበላሻል። መብራት ሲሄድ ፍሪዘሩ እንዳያቀልጠው ቱቦዎቹን በበረዶ ጥቅሎች መሐል ቀበርኳቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቀን ጽፌያለሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

የምንሞክርባቸው ብሎኮች፣ ማለትም ሰም ውስጥ የተቀመጡ የጉበት ቁራጮች፣ ከማህደር የወጡት በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ነው። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የመጀመሪያው ለሌላ በሽታ በተደረገ ቀዶ ጥገና ጠርዝ ላይ የተገኘ ጤነኛ ጉበት ነው።

በ4 ማይክሮን ቆረጥኩ። ተያይዞ የወጣው ስስ ሪባን ለብ ያለው ውሃ ላይ ያለ ሽብሽባት ተንሳፈፈ። ስላይድ ላይ አነሳሁት፤ 60 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አደረቅኩት። ከዚያ ሰሙን በዛይሊን ማውጣት፣ በአልኮል በኩል ወደ ውሃ ማውረድ። ይህን ዓይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ።

ቀጥሎ ያለው የማሞቂያው ደረጃ ነው። ፎርማሊን ሕብረ ሕዋሱን ከመበስበስ የሚያድነው ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ በማሰር ነው። ችግሩ አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታም አብሮ ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሺ፣ ኪ እና ካልራ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ስላይዱን ፈሳሽ ውስጥ በማይክሮዌቭ ቢያሞቁት እስሩ እንደሚላላ አሳዩ። ከዚያ በፊት ብዙ አንቲቦዲዎች ሰም ውስጥ በተቀመጠ ሕብረ ሕዋስ ላይ አይሠሩም ነበር። የእኛ ወረቀት የሚለው ፒኤች 9 የሆነ ቡፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ ፈሳሽ)፣ 98 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ ነው። የውሃ ማሞቂያውን 98 ላይ ሞልቼ ጠበቅኩ።

ከዚያ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ አደረግኩ። ጉበት ደም የሞላበት ነው። በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን እንደ ፐሮክሲዴዝ፣ ማለትም ማቅለሚያውን ቡናማ እንደሚያደርገው ኢንዛይም፣ ስለሚሠራ ካልታፈኑ ቡናማ ይሆናሉ። አንቲቦዲውን 1 ለ100 አቅጥኜ ለአንድ ሰዓት አሳረፍኩት። በመጨረሻ ዳብ የምንለውን ቡናማ ማቅለሚያና ሌላውን ሁሉ ሰማያዊ የሚያደርገውን ሄማቶክሲሊን ጨመርኩ።

ውጤት፦ ሰማያዊ። ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። አንዲት ቡናማ ነጥብ የለችም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሕብረ ሕዋስ ክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ስላይዱን ብርሃን ላይ አነሱት። «ቴርሞሜትር ከትተሽበታል?» አሉኝ።

«ማሽኑ 98 ይላል እኮ ጋሼ።»

«ማሽኑ ይበል። ቴርሞሜትሩ ምን ይላል?»

የስላይድ ዕቃው ውስጥ ከተትኩ። 91። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። አሁንም 91። ውሃው ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም።

ነገሩ ግልጽ ነው፤ እኔ ነኝ ያላሰብኩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ባልታሸገ ዕቃ ከዚያ አያልፍም። ማሽኑ 98ን ሲያሳድድ ውሃውን ያተናል እንጂ አይደርስበትም። ወረቀቱ ደግሞ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ነው።

ጋሼ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ንፍሮው ግን ቶሎ አይበስልም።»

እናቴም ባቄላ በፕሬዠር ኩከር የምትቀቅለው ለዚሁ ነው። እንግዲህ እኛም ፕሬዠር ኩከር ገዛን። እዚህም ቢሆን ስሌት አለ። ድስቱ ግፊቱን የሚጨምረው በአካባቢው አየር ግፊት ላይ ነው። ባሕር ወለል ላይ 121 ዲግሪ የሚደርሰው ድስት አዲስ አበባ ላይ 116 ወይም 117 አካባቢ ነው። ስለዚህ ወረቀቶች 3 ደቂቃ የሚሉትን በ5 ደቂቃ ለመጀመር ወሰንኩ።

ለጀማሪ የምመክረው፦ የቡታጋዝ ምድጃውን ዛይሊንና አልኮል ካለበት ክፍል አርቁ። እኛ ኮሪደሩ ማዶ ያለውን ባዶ ክፍል ነው የያዝነው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ፕሬዠር ኩከር፣ 5 ደቂቃ። ዳቡን ስጨምር ስላይዱ በሰከንዶች ውስጥ ጠቆረ። ደስ አለኝ። ወደ ማይክሮስኮፑ ሮጥኩ።

ቡናማ። ዳር እስከ ዳር ቡናማ። ቀለበት የለም። ሁሉም የጉበት ሕዋስ ቀልሟል።

ለጥቂት ደቂቃ አንቲቦዲው መጥፎ ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ስላይድ አየሁ። ይህ አንቲቦዲ ጨርሶ ያልነካው፣ ቀሪው ደረጃ ሁሉ የተደረገለት ኮንትሮል ነው። እሱም ቡናማ ነው። በተመሳሳይ ጥቁረት።

ይህን ስላይድ አስቀምጬዋለሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። አንዳንድ ቦታ ስላይድ ለመቆጠብ ሲባል ኮንትሮሉ ሲዘለል አይቻለሁ። ያማል። እንዲህ ያለ ጉበት ያለ ኮንትሮል ቢታይ «ኢንዛይሙ በሁሉም ሕዋስ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ያ ወረቀት ደግሞ የሰው ሕይወት ይወስንበታል።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ጥፋተኛው ባዮቲን ነው። አንቲቦዲው ያረፈበትን በቀለም የሚያሳየው ኪታችን የቆየው ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የተዋወቀው የአቪዲንና የባዮቲን ዘዴ። አቪዲን እንቁላል ነጭ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ባዮቲንን ካገኘ አይለቅም። ዘዴው የተመሠረተው በዚህ ፍቅር ላይ ነው። ግን ባዮቲን ቫይታሚን ነው። ጉበትና ኩላሊት ውስጥ በብዛት አለ። ኪቱ የእኛን አንቲቦዲ ሳይፈልግ በቀጥታ የጉበቱን ባዮቲን ያዘ።

ታዲያ የመጀመሪያው ሙከራ ለምን ባዶ ሆነ? ብርቱ ሙቀት ኢንዛይሙን ብቻ አይደለም የሚገልጠው። የተደበቀውን ባዮቲንም ይገልጠዋል። አንዱን ችግር ስፈታ ሁለተኛውን የከፈትኩት እኔው ነኝ።

ባዮቲን የሌለበት አዲስ ኪት አዘናል፤ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። እስከዚያ አንድ የቆየ የላብራቶሪ መላ አለ። የእንቁላል ነጭ በውሃ አቅጥኖ ስላይዱ ላይ ማሳረፍ። በውስጡ ያለው አቪዲን የጉበቱን ባዮቲን ቀድሞ ይይዛል። ቀጥሎ ቅባት የሌለው ወተት። ወተቱ ውስጥ ያለው ባዮቲን የአቪዲኑን የቀረ እጅ ይሞላል። ከዚያ ኪቱ የሚይዘው ነገር ያጣል። ማዶ ካለው ሱቅ 2 እንቁላል ገዛሁ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

እንቁላሉ ሠራ! ኮንትሮሉ ከቡናማ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ወረደ። አንቲቦዲው ባረፈበት ስላይድ ላይ ደግሞ፣ በዚያ ፈዛዛ ቢጫ መሐል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለበት አየሁ። ጥርት ያለ አይደለም። ግን አለ። ደም መልሷ መሐል ላይ ባዶ ክብ ሆና፣ ዙሪያዋን ጠቆር ያሉ ሕዋሳት ከበዋታል።

ጋሼን ጠራኋቸው። ረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ሳያነሱ አዩት። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

አዲሱ ኪት መጣ። የእኛን አንቲቦዲ የሚይዘው የኪቱ አንቲቦዲና ቀለሙን የሚያወጣው ፐሮክሲዴዝ በአንድ የፖሊመር ሰንሰለት ላይ ተያይዘዋል። ባዮቲን የሚባል የለበትም። ኮንትሮሉ ንጹሕ ሰማያዊ ሆነ።

አሁን ቅጥነቱን መፈለግ ተቻለ። 1 ለ50፣ 1 ለ100፣ 1 ለ200፣ 1 ለ400፣ 1 ለ800። አምስት ስላይድ፣ ከአንድ ብሎክ፣ በአንድ ቀን።

በ1 ለ50 ቀለበቱ በጣም ጠቁሯል፤ ግን ቀለሙ ፈሶ ግማሹ ክፍልፋይ ቡናማ ሆኗል። በ1 ለ200 አሁንም ዳራው፣ ከቀለበቱ ውጭ ያለው፣ አልጠራም። በ1 ለ800 ቀለበቱ ተቆራርጧል፤ አንዳንዷ ደም መልስ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሕዋስ ብቻ ነው የሚታየው። 1 ለ400 ግን ሌላ ነገር ነው። የቀለመው ሕዋስና ያልቀለመው ጎረቤቱ ግድግዳ ይጋራሉ። አንዱ ድፍን ቡናማ፣ አንዱ ድፍን ሰማያዊ። መካከል ላይ ምንም የለም። ይህን ድንበር ማየት ነው የፈለግኩት።

ለኪሳችንም ደግ ነው። ለአንድ ስላይድ 150 ማይክሮሊትር ብናደርግ ጠርሙሷ በ1 ለ50 ለ33 ስላይድ ብቻ ትበቃለች። በ1 ለ400 ከ260 በላይ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ የደረሰብኝን በደንብ መጻፍ አለብኝ፤ ስቼ ነበርና።

ሁለተኛ ጤነኛ ጉበት አቀለምኩ። የትልቅ ሰው ነው። ደም መልሶቹ ዙሪያ የሚያምር ቡናማ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ልነሳ ስል ልማዴ ስለሆነ ኮንትሮሉን አስገባሁ። እዚያም ደም መልሶቹ ዙሪያ ቡናማ አለ።

እንደገና ባዮቲን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ግን አዲሱ ኪት ላይ ባዮቲን የለም። ወደ 40 እጥፍ ሌንስ ቀይሬ ሳይ ቡናማው ሕዋሱን አልሞላውም። ደቃቅ ፍሬዎች ናቸው፤ የሕዋሱ አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል። ያልተቀለመ ስላይድ ወሰድኩ። ዳብ ያልነካው፣ ምንም ያልነካው። ፍሬዎቹ እዚያም አሉ።

ሊፖፈስን ነው። ሕዋስ ሲያረጅ የሚያጠራቅመው ቡናማ ዝቃጭ። ጉበት ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚከማቸው የት ነው? ልክ በማዕከላዊዋ ደም መልስ ዙሪያ። እኔ ኢንዛይሙን የምፈልግበት ቦታ ላይ፣ ዳብ በሚሰጠው ቀለም። ከዚህ የከፋ አጋጣሚ ማሰብ አልችልም።

ስለዚህ አነባበቡን ቀየርን። «ደም መልሷ ዙሪያ ቡናማ አለ» አይበቃም። ቀለሙ የሕዋሱን ሆድ ዕቃ በእኩል መሙላት አለበት። ፍሬ ፍሬ ከሆነ አይቆጠርም። ጥርጣሬ ካለ በቀይ ማቅለሚያ እንደግመዋለን፤ ያኔ ሊፖፈስኑ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ ኢንዛይሙ ቀይ ይሆናል። ይህንኑ ጉበት በቀይ ደገምኩት። ቀዩ ቀለበት አለ፤ ቡናማዎቹ ፍሬዎች በውስጡ ተበትነዋል። ሁለቱም እዚያ ነበሩ።

ደብተሬ ላይ «ጥሩ» ያልኩትን አልሰረዝኩትም። ጎኑ ላይ ሰዓቱን ጽፌ ምን እንደሳትኩ አስፍሬያለሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ፎርማሊን። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ናሙናዎች አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ሳምንት ፎርማሊን ውስጥ ቆይተው ይደርሳሉ። እንዲህ ያሉ ሦስት ብሎኮች ሞከርኩ። በሁለቱ ላይ ቀለበቱ ፈዟል። ፕሬዠር ኩከሩን ከ5 ወደ 8 ደቂቃ ስወስደው በአንዱ ላይ ተመለሰ። በሌላው ሕብረ ሕዋሱ ራሱ ከስላይዱ መላቀቅ ጀመረ።

ሦስተኛው የተገላቢጦሽ ነው። ትልቅ ቁራጭ በትንሽ ዕቃ ታጭቆ የመጣ። ፎርማሊኑ ጠርዙን ይዟል፤ መሐሉ ሳይደርሰው በስብሷል። ጠርዙ ላይ ቀለበት፣ መሐሉ ላይ ጥላ። ከቁራጩ ቢያንስ 10 እጥፍ ፎርማሊን ያስፈልጋል፤ ቁራጩም ቀጭን መሆን አለበት። ለሚልኩልን ሁሉ የሚሄድ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅተናል። ከኬሚካሉ ይልቅ ይህች ገጽ ብዙ ሰው ትጠቅማለች ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

የእኛ አንቲቦዲ ከአይጥ የተሠራ ነው። ዛሬ የዚያኑ ፕሮቲን ሌላ ክፍል የሚይዝ፣ ከጥንቸል የተሠራ ሌላ አንቲቦዲ በውሰት አገኘን። ተከታታይ ሁለት ቁራጮች ላይ ጎን ለጎን አደረግናቸው። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ነገር ቢናገሩ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንቲቦዲን ለማረጋገጥ የቀረቡት አምስት መንገዶች አንዱም ይኸው ነው።

ቀለበቶቹ ተገጣጠሙ። ደም መልስ በደም መልስ። የጥንቸሉ ትንሽ ዳራ አለው፤ ሌላ ልዩነት አላየሁም።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ወደ በሽታው ገባን። ዶክተር የምንላቸው ፓቶሎጂስት (ሕብረ ሕዋስ አይተው በሽታ የሚለዩ ሐኪም) እና ሌላ ፓቶሎጂስት ስላይዶቹን ለየብቻ፣ ምርመራውን ሳያውቁ ያነባሉ። እኔ ቁጥሩን ብቻ ነው የምሰጠው።

ሲሮሲስ ያለበት፣ ማለትም በጠባሳ የተሞላ፣ ጉበት ላይ ቀለበቱ የለም። ጠባሳው ሥርዓቱን አፍርሶታል፤ የቀረው እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። አንድ ብሎክ ደግሞ ፎካል ኖዱላር ሃይፐርፕላዚያ ነበር፤ ካንሰር ያልሆነ እብጠት። እዚያ ላይ ቀለሙ ሰፋፊ እየሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል። ፓቶሎጂስቶች ካርታ መሰል ይሉታል። በእውነትም አህጉሮችንና ባሕሮችን ይመስላል።

ከዚያ ካንሰሩ። የቤታ ካቴኒን ጂን ሲበላሽ ግሉታሚን ሲንተቴዝን የሚያሠራው ትእዛዝ አይቆምም። አንዱ እብጠት ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ቡናማ ነው፤ ጎኑ ያለው ጉበት ሰማያዊ። ያለ ማይክሮስኮፕ፣ በባዶ ዓይን፣ ስላይዱን ብርሃን ላይ ይዤ ድንበሩን አየሁት። አሳምሬ ያቀለምኩት ስላይድ ነው፤ ግን የአንድ ሰው ጉበት ነው። ዝም ብዬ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

በአንድ ብሎክ ላይ ሁለቱ አንባቢዎች አልተስማሙም። ቀለሙ ነጠብጣብ ነው። «ዶክተር፣ እንድገመው?» አልኳቸው። «ድገሚው፣ ግን ለማስማማት ብለሽ አታጥቁሪው» አሉኝ። በ1 ለ400 ደገምኩት። ያው ነጠብጣብ ነው። አልተስማሙም ተብሎ ተጻፈ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያ እንዲህ ላለ ምርመራ ቢያንስ 10 አዎንታዊና 10 አሉታዊ ናሙና ይላል፤ 90 በመቶ መስማማትም ይጠይቃል። እኛ አሉታዊውን ጨርሰናል። አዎንታዊው 7 ላይ ነው። እስከዚያ በዚህ አንቲቦዲ የማንም ታካሚ ውጤት አይጻፍም፤ ዶክተርም በዚህ አይደራደሩም።

በነገራችን ላይ ትናንት መብራት ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ነበር። የቀሩትን ቱቦዎች አየሁ፤ በረዶው መሐል እንደረጉ ናቸው። ለጥንቃቄ ከአንዷ አንድ ስላይድ አቀለምኩ። ቀለበቱ አለ፤ ድንበሩም ጥርት ያለ ነው።

የጎደሉት ሦስት ብሎኮች ዛሬ ከሰዓት ከማህደር ወጡልኝ። አንዱ ፊቱ ተሰነጣጥቋል፤ በእርጥብ ጥጥ ሸፍኜዋለሁ። ነገ ጠዋት ለመቁረጥ ሦስቱንም በረዶ ላይ አስተኝቻቸዋለሁ።